ሰበብ የሌለው ተሸናፊ

ክርክሩ የተጀመረው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ባለችው ካፌ ነው። ፎርሙላ ዋን እስኪጀመር ቴሌቪዥኑ ፖርሽ ሱፐርካፕን ያሳያል። ራይድ የሚሠራው ጎረቤቴ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ "ውድድር ማለት ይሄ ነው" አለ። "ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና ይዘዋል። ፎርሙላ ዋን ላይ የሚያሸንፈው ኢንጂነሩ ነው፤ እዚህ ግን ሰውዬው ራሱ ነው።" ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ፣ "የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው፤ ከምን ሊቆጠር!" አሉት። "ጋሼ ደግሞ! አንዴ እንኳ ይመልከቱት እንጂ።"

ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ አሸናፊው ነው። እኔን የከነከነኝ አሥራ ስምንተኛ የወጣው ነው።

ሱፐርካፕ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከፎርሙላ ዋን ጎን ለጎን ይካሄዳል። መኪናው 911 ጂቲ3 ካፕ ይባላል፤ ታርጋ ለጥፎ መንገድ ላይ የሚነዳው የ911 ጂቲ3 ለትራክ የተሰናዳ ወንድም ነው። ሞተሩ ታሽጎ ይመጣል፤ ጎማው የሁሉም ሚሽላን ነው። ፎርሙላ ዋን ላይ ኋላ የቀረ ነጂ "መኪናው አልሄደልኝም" ቢል ይታመናል። እዚህ እንዲህ ማለት አይችልም፤ ጎኑ ያለውም የሚነዳው ያንኑ ነው።

የእኛ ሰፈር እኩልነትን የሚያውቀው በሌላ መልኩ ነው፦ በዕጣ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰውን ሰው ጎበዝ ነው ያለው የለም፤ "ዕድለኛ" ተባለ እንጂ። ያልደረሰውም አልተዋረደም፤ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ፣ መብት የሌላቸው ሰዎች መረጃ ገብቶበት ተገኝቶ ሲሰረዝ የአዲስ አበባ ሰው የተቆጣው ዕድሉን ስለተሰረቀ ነው፤ በችሎታው የመጣበት አልነበረም። ዕጣ ሁሉንም እኩል ያደርግና ስለ ማንም ምንም አይናገርም። የአንድ ዓይነት መኪና ውድድርም ሁሉንም እኩል ያደርጋል፤ ከዚያ ግን ስለ እያንዳንዱ ይፈርዳል። ከሁለቱ እኩልነቶች የሚጨክነው ሁለተኛው ይመስለኛል።

ይህን ስል ወዲያው የሚነሳ ተቃውሞ አለ፦ ጭካኔ ሳይሆን እውነት ነው። ሰበቡ ሲወሰድ የሚቀረው ችሎታ ነው፤ ተሸናፊው ቢከፋው ምን ይደረግ? ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም፤ በአንድ የቆየ ውድድር ልመዝነው።

ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤም1 የተባለ መኪና ሠራ። በወቅቱ ደንብ መሠረት ውድድር ውስጥ እንዲገባ 400 መኪና መመረት ነበረበት፤ ምርቱ በእጅ የሚሠራና አዝጋሚ ስለነበር ቁጥሩ ቶሎ አልሞላም። መኪናዎቹ ሥራ ፈትተው ከሚቆሙ ብለው የራሳቸውን ውድድር ፈጠሩላቸው፤ ፕሮካር ይባላል። በ1979 እና በ1980፣ በአብዛኛው በአውሮፓ የፎርሙላ ዋን ሳምንታት ተካሄደ። ወደ 470 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አንድ ዓይነት መኪኖች፣ በዓለም ትልልቅ ነጂዎች እጅ። የመጀመሪያውን ዓመት ኒኪ ላውዳ፣ ሁለተኛውን ኔልሰን ፒኬ አሸነፉ። ስሞቹን ላየ "ይኸው ችሎታ ወጣ" ማለቱ አይቀርም።

ግን ጠጋ ብለን እንየው። በ1979 ዓርብ ዕለት በፎርሙላ ዋን ልምምድ ፈጣን የሆኑት አምስት ነጂዎች የፋብሪካውን መኪና ያገኙና ከፊት ይነሱ ነበር። ልምምዱ ደግሞ በየራሳቸው የፎርሙላ ዋን መኪና ነው፤ ስለዚህ እኩል ያልሆነው ውድድር ለእኩሉ ውድድር መነሻ መስመር ሰጠ ማለት ነው። የላውዳን ኤም1 ያዘጋጀው ደግሞ የሮን ዴኒስ ቡድን፣ ፕሮጀክት ፎር ነበር፤ በ1980 ከማክላረን ጋር የተዋሐደውና ቆየት ብሎ በፎርሙላ ዋን የነገሠው ሰው ቤት። መኪናው አንድ ነው፤ የተዘጋጀበት ጋራዥ ግን አንድ አይደለም። ዛሬም ሱፐርካፕ ላይ ሞተሩ ይታሸጋል፤ የጎማ ግፊቱን፣ የክንፉን አንግልና ሌላውን ማስተካከያ ግን የሚያስተካክለው የቡድኑ መካኒክ ነው። የልምምድ ቀንን የሚያሽግ የለም፤ የአባትን ኪስም እንዲሁ።

የኔና የአንደኛ ፎቁ ጎረቤቴ ቤት በፕላን አንድ ነው፤ ያው ሁለት መኝታ፣ ያው ጠባብ ኩሽና። ግፊት ሲቀንስ ውሃው እሱ ጋ ይወርዳል፤ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ማታ ማታ ቢጫ ጀሪካን ትከሻው ላይ አድርጎ በየፎቁ እያረፈ ደረጃ የሚወጣውን ሰው "ያው ቤት ነው ያላችሁ" ብትሉት ምን እንደሚመልስላችሁ አላውቅም፤ እስኪያርፍ ብትጠብቁት ግን ይሻላል።

ሆኖም ይህን ያህል ከሄድኩ ሌላ ጥያቄ ይይዘኛል፦ እንዲህ ከሆነ ፍትሐዊ ውድድር የሚባል ነገር የለማ? የእናት ጡት እስኪስተካከል ልንጠብቅ ነው? ከዚህ በላይ ደግሞ ላሪ ቴን ቮርደ አለ። ይህ ሆላንዳዊ ሱፐርካፕን እ.ኤ.አ. በ2020፣ በ2021፣ በ2023 እና በ2024 አሸንፏል። ገንዘብና አጋጣሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው አራት ጊዜ አይመላለስም። ውድድሩ በእርግጥ አንድ ነገር ይለካል። ስለዚህ ክሴን ላጥብበው፦ ችግሩ መለካቱ ላይ ሳይሆን ከተለካ በኋላ የምንናገረው ላይ ነው። ውድድሩ የሚለካው በሩን ማለፍ ከቻሉት መካከል በዚያ ቀን ማን እንደቀደመ ነው። እኛ ግን ማን ምን ያህል ሰው እንደሆነ የተለካ አስመስለን እናወራለን።

ይህም ቢሆን ሙሉ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን አስቡ። ኩረጃ እንዳይኖር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ከየጓዛቸው ጋር እያደሩ፣ የታሸገ ወረቀት ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ብዙ ሰው "ፈተናው አንድ ነው፤ ያላጠና ወደቀ" አለ፤ እኔ የፈራሁት ፍርድ ይኸው ነው። ነገር ግን ያው ውጤት አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ከ1 ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችን አሳየን። ኩረጃው ባለበት ዘመን ይህ አይታይም ነበር። እሽጉ የተማሪውን ሰበብ ሲወስድ የትምህርት ቤቱንም መሸፈኛ ወሰደ። ፕሮካርም እንደዚያው ነው፤ መኪናው አንድ ባይሆን ኖሮ የጋራዡ ልዩነት ከመኪናው ልዩነት ጋር ተደባልቆ ይቀር ነበር።

እንግዲህ እኩል መሣሪያ ሁለት ጊዜ ይነበባል ማለት ነው፤ በነጠላ ስናነበው ተሸናፊውን ይከሳል፣ በጅምላ ስናነበው የተሸነፈበትን ምክንያት ያጋልጣል። ሁለተኛውን ንባብ እወደዋለሁ። ችግሩ ጅምላው ለትምህርት ሚኒስቴር እንጂ ለልጁ አለመጥቀሙ ነው። ማንም ካላለፈበት ትምህርት ቤት ወጥቶ ውጤቱን በስልኩ የሚያይ አንድ ተማሪ ከጎደለው ነጥብ ስንቱ የራሱ ስንፍና፣ ስንቱ ያልነበረው ላብራቶሪ እንደሆነ ቢጠይቀኝ፣ ለይቼ ልነግረው አልችልም።