ስለ እውነተኛ ቍጥርና በክረምት የቤት ቆጣሪ ስለሚያነቡ ሠራተኞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እግዚአብሔር በሊቀ ነቢያት በሙሴ አማካይነት ለሕዝቡ ሕግን በሰጠ ጊዜ ስለ መሥዋዕትና ስለ በዓላት ብቻ አልተናገረም፤ ስለ ሚዛን፥ ስለ መስፈሪያና ስለ መለኪያም አዝዟል (ዘሌ. 19፥35-36)። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ የሆነ ሁለት ዐይነት የሚዛን ድንጋይ በከረጢት መያዝንም ከልክሏል (ዘዳ. 25፥13-15)። ጠቢቡ ሰሎሞንም ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት ምን ያህል የተጠላ እንደ ሆነ አስተምሯል (ምሳ. 11፥1)። ምነው ቢሉ፥ ሚዛን በሁለት ሰዎች መካከል የቆመ ምስክር ነውና። ሻጭ ለራሱ ያደላል፤ ገዢም ለራሱ ያደላል፤ ሚዛን ግን ለማንም እንዳያደላ ሆኖ ተሠርቷል። ምስክሩ ከዋሸ ፍርድ ከወዴት ይገኛል?

አባቶቻችን የሚያውቁት መስፈሪያ ቍናና ላዳን፥ ክንድና ስንዝር ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ ሌላ መስፈሪያ በየቤቱ ግድግዳና በየደጁ ገብቷል፤ ይኸውም ቆጣሪ ነው። የመብራቱ ቆጣሪ በኪሎዋት ሰዓት፥ የውኃው ቆጣሪ በሜትር ኩብ ይቈጥራል። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 50 ጊዜ የተቀዳ ውኃ ማለት ነው። ሠራተኛው በየወሩ እየዞረ ቍጥሩን ያነባል፤ አሁን ከታየው ቍጥር ላይ ያለፈው ወር ቍጥር ሲቀነስ የሚቀረው ቤተ ሰቡ በወሩ ውስጥ የተጠቀመበት ነው፤ ሒሳቡም በዚያ ላይ ይሠራል። ዛሬ በአንዳንድ ቤት ገንዘቡ አስቀድሞ በካርድ የሚከፈልበት ቆጣሪ ገብቷል። በሌላው ቤት ግን እስከ አሁን ድረስ ሰው በእግሩ ሄዶ፥ በዐይኑ አይቶ መመዝገብ አለበት።

ይህን የምንጽፈው በጥሊሊ ተቀምጠን ነው። ጥሊሊ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። የዚህን አገር ክረምት ያየ ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ዘመነ ክረምት ብላ በምትቈጥረው ወራት ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ በባሕር ዛፉ ላይ ይተኛል፤ ከአስፋልቱ ወርደው ሁለት ቤት ሳያልፉ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ እረኛው ገሳውን ደርቦ ከዛፍ ሥር ይጠጋል። ቆጣሪ አንባቢው ግን የሚጠጋበት የለውም። የውኃው ቆጣሪ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ሣጥን ነውና ሣጥኑ ጎርፍ ይሞላበታል፤ ሠራተኛው ቁጢጥ ብሎ ውኃውን በጣሳ ቀድቶ፥ ደለሉን በጣቱ ጠርጎ፥ መስተዋቱን በልብሱ አሻሽቶ ካልሆነ ቍጥሩ አይታይም። የመብራቱ ቆጣሪ ከጣራው ክፈፍ ሥር ነውና ጠፈጠፉ በአንገቱ ይወርድበታል። ውሻው ይጮኻል፤ በሩ ተዘግቷል፤ ባለቤቱ ከእሳት ዳር ሆኖ «ማነህ?» ይላል።

ከጥሊሊ ወደ ሰከላ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ወደ ግሽ ዓባይ ምንጭ ይደርሳል። ያ ውኃ በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ከጣናም ወጥቶ በክረምቱ ዝናም እየበረታ እስከ ጉባ ይወርድና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች ያዞራል። ከዚያም የሚወጣው ኃይል ከሌሎቹ ግድቦች ኃይል ጋር በአንድ መረብ ተገናኝቶ በሽቦ ወደ አገሩ ሁሉ ይሄዳል። እንግዲህ ቆጣሪ አንባቢውን የሚያበሰብሰው ዝናምና በቤታችን የሚበራው ብርሃን የአንድ ሰጪ ስጦታ ናቸው። እግዚአብሔር ዝናሙን ያለ ዋጋ ሰጠን፤ ዝናሙን ወደ ብርሃን ለመለወጥ ግን የብዙ ድኻ ገንዘብና የብዙ ሠራተኛ ጕልበት ወጥቶበታል። ስለዚህ ያለ እውነተኛ ቍጥር አይበላም።

በዚህ ስፍራ ወደ ሠራተኛው የሚመጣው ፈተና ምንድን ነው? «ዛሬስ ዝናሙ በረታ፤ ከዚያ ጭቃ ውስጥ ከምገባ ባለፈው ወር የጻፍሁትን አይቼ በግምት ልሙላው» የሚለው አሳብ ነው። ግምት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይደለም። የቤት መብራት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነውና፥ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ዝቅተኛው ዋጋ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። አንዲት ባልቴት በሐምሌ 40፥ በነሐሴም 40 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀመች እንበል። ሠራተኛው በሐምሌ ጭቃውን ሸሽቶ ሳያይ 10 ብሎ ቢጽፍ፥ በነሐሴ ሄዶ ሲያይ ቆጣሪው የተረፈውን ሁሉ ይዞ ይጠብቀዋልና 70 ብሎ ይጽፋል። 40ና 40 ቢደመሩ 80 ነው፤ 10ና 70ም ቢደመሩ 80 ነው። ድምሩ አንድ ሲሆን ዋጋው ግን አንድ አይደለም፤ በሁለቱም ወር በዝቅተኛው እርከን ልትቀመጥ የሚገባት ባልቴት በነሐሴ ወደ ላይኛው ተወስዳለችና። ማንም እጁን ከመቀነቷ አላገባም፤ ገንዘቧ ግን ሄዷል። የወሰደውም ሌባ ሳይሆን ስንፍና ነው።

ጌታችን በወንጌል ስለ ዐመፀኛው መጋቢ ሲያስተምር (ሉቃ. 16፥1-8) ይህንኑ የጽሕፈት ኀጢአት አሳይቶናል። መጋቢው የመቶውን ማድጋ ዘይት 50፥ የመቶውን ቍና ስንዴ 80 አስብሎ አጽፏል። ዘይቱ ከጋኑ አልቀነሰም፤ ስንዴው ከጎተራው አልጐደለም፤ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። ጌታም ያመሰገነው ለሚመጣው ቀን ማሰቡን እንጂ ቍጥሩን ማጕደሉን አይደለም፤ ጥቂት ብሎም በጥቂቱ ያልታመነ በብዙው እንደማይታመን አስተምሯል (ሉቃ. 16፥10)። አንድም፥ በወረቀት ላይ የተለወጠ ቍጥር በሰው ቤት እንጀራን ይለውጣልና ጥቂት አይባልም።

እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ከባሕረ ሐሳብ ልንማረው ይገባን ነበር። ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፈን፥ ከተረፈው አንድ አትተን ወንበር እናወጣለን፤ ወንበሩን በ11 አባዝተን ለ30 ብንገድፈው አበቅቴ፥ በ19 አባዝተን ለ30 ብንገድፈው መጥቅዕ ይሆናል። ወንበሩ በአንድ ቢሳሳት አበቅቴው በ11 ይዛነፋል፤ መጥቅዑም ከስፍራው ይለቃል፤ ከእርሱም ጋር ጾመ ነነዌ፥ ዐቢይ ጾም፥ ስቅለትና ትንሣኤ ይናወጣሉ። ስለዚህ ከሊቃውንት አንድ ስንኳ «ዘንድሮ ፋሲካ በዚህ ገደማ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ በግምት የተናገረ የለም። በበዓላት ቍጥር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ እኛ በነፍሳት ቍጥር ግን በግምት ስንኖር መገኘታችንን ሳንደብቅ መናገር ግድ ሆኖብናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ክረምት፥ በሐምሌ ማለቂያ፥ ቆጣሪ የሚያነብ ወጣት በዝናም ተደብድቦ ከደጃችን ደረሰ። «ይፍቱኝ አባታችን» አለ፤ መስቀል ካሳለምነው በኋላ አዝነንለት፥ «ልጄ፥ ግባና እሳት ሙቅ፤ ቆጣሪውንስ ተወው፤ ያለፈውን ወር ቍጥር አይተህ ሙላው፤ የመጣውን እንከፍላለን» አልነው። ቸርነት ያደረግን መስሎን ነበር። እርሱም ባርኔጣውን አውልቆ፥ «አባታችን፥ ያላየሁትን አልጽፍም። ደግሞስ ቆጣሪ ብዙ ነገር ይናገራል። አሁን የማዶዋን እማሆይ ቆጣሪ ሳነብ ካለፈው ወር አንድ ቍጥር አልጨመረም። ተበላሽቶ እንደ ሆነ ልጠይቅ ብዬ ባንኳኳ ከታመሙ ሰንብተው በጨለማ ተኝተዋል፤ ተነሥተው መብራት የሚያበሩበት አቅም የላቸውም» አለን።

እማሆይ የንስሐ ልጃችን ነበሩ። ከሰኔ ወዲህ የወረደው ጎርፍ ወራጁን ውኃ ሞልቶት ነበርና ወደ ማዶ አልተሻገርንም። በዚያው ሳምንት የደብሩ አለቃ ስለ ንስሐ ልጆቻችን ጠይቀውን፥ «ሁሉም ደኅና ናቸው» ብለን መልሰን ነበር። ሳናይ ጻፍን ማለት ነው። ጎረቤቶቻቸውም አጥሚት ያደርሱላቸው ነበር፤ ወደ እኛ ሰው ያልላኩት «የነፍስ አባታቸው ያውቃል» ብለው ነው። እነርሱ በእኛ ላይ ገመቱ፤ እኛም በእማሆይ ላይ ገመትን፤ ያልገመተው ያ ወጣት ብቻ ነው። በማግሥቱ ሰው ደግፎን ውኃውን ተሻገርን። እማሆይ በፍልሰታ ጾም ንስሐ ገብተው ቈረቡ፤ በጥቅምት ዐረፉ። ያ ልጅ የእኛን ምክር የሚሰማ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ባሰብን ቍጥር ልባችን ይደነግጣል።

አባቶች ሆይ፥ የጠፋውን በግ ምሳሌ (ሉቃ. 15፥4-7) ስንት ጊዜ ሰብከነዋል! ነገር ግን ባለ በጉ አንዱ እንደ ጠፋ በምን ዐወቀ? ቈጥሮ አይደለምን? «መቶ ናቸው፤ ባለፈው ወርም መቶ ነበሩ» ብሎ ቢያድር፥ በጎቹ 99 መሆናቸውን ሳያውቅ፥ ያም አንዱ በገደል ይቀር ነበር። ፍለጋው የሚጀምረው ከእውነተኛ ቍጥር ነው። ጠቢቡም ሰው የመንጋውን ሁኔታ ተግቶ እንዲያውቅ ማዘዙ ስለዚህ ነው (ምሳ. 27፥23)። የንስሐ አባት በክረምት የሚሠራው ሥራ እንደ ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ በጭቃው ሄዶ፥ ደጁን አንኳኩቶ፥ መስተዋቱን ጠርጎ ማየት አለበት። የማይንቀሳቀስ ቍጥር ሲያይም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ጸሎቱ፥ ቍርባኑ፥ ምጽዋቱ ካለፈው ዓመት ንቅንቅ ያላለ ሰው ታሞ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

እናንተም ምእመናን በዚህ ነገር ድርሻ አላችሁ። አንደኛ፥ ሠራተኛው በመጣ ጊዜ ውሻችሁን እሰሩለት፤ በራችሁን ክፈቱለት፤ ወደ ቆጣሪው የሚያደርሰውን መንገድ ከጭቃና ከእሾህ አጽዱለት። በፈቃዱ የተዘጋ በር ሌላውን ሰው ወደ ሐሰት የሚገፋ በር ነው። ሁለተኛ፥ ቍጥር እንዲያጐድልላችሁ የሻይ ብላችሁ አትስጡት፤ በቆጣሪው ሳያልፍም መስመር አትሳቡ። በተሰረቀ መብራት የተነበበ ዳዊት ምን ዋጋ አለው? ይህም ለቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ሳይቀር የሚሠራ ሕግ ነው። ሦስተኛ፥ እኛ እንዳደረግነው በርኅራኄ ስም አታስቱት። ለበሰበሰ ሠራተኛ የሚደረገው እውነተኛ ርኅራኄ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ እሳት ዳር አስቀምጦ ትኩስ ነገር መስጠት ነው።

ልጆቻችን ቆጣሪ አንባቢዎች ሆይ፥ ሥራችሁን ሰው ንቆት እንደ ሆነ አትናቁት። ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ በዮርዳኖስ ሳለ ቀራጮች ወደ እርሱ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ፥ ሥራችሁን ጥላችሁ ወደ በረሓ ግቡ አላላቸውም፤ ከታዘዘው አስበልጠው እንዳይወስዱ ብቻ አዘዛቸው (ሉቃ. 3፥12-13)። እንግዲህ ትክክለኛ ቍጥር መጻፍ ከንስሐ ፍሬዎች አንዱ ሆኖ በነቢዩ አፍ ተነግሯል። ክረምቱም አልፎ መስከረም ሲጠባ አገራችን ዐዲሱን ዓመት በዚሁ ቅዱስ ስም «ቅዱስ ዮሐንስ» ብላ ትቀበላለች። ዓመት የሚጀመረው ያን ቃል በተናገረው ጻድቅ ስም ከሆነ፥ ቍጥራችንን ሁሉ በእውነት ልንጀምረው ይገባናል።

የብልጣሶር መንግሥት ተቈጥሮ፥ ተመዝኖም ቀልሎ በተገኘ ጊዜ (ዳን. 5፥25-28) በግምት የተጻፈበት አንዳች ነገር አልነበረም። የእኛም ዕድሜ እንዲሁ እየተቈጠረ ነው፤ የሚቈጥረውም ሳያይ አይጽፍም። እርሱ ባለቤቱ በመጣ ጊዜ በራችን ክፍት፥ መዝገባችንም እውነተኛ ሆኖ እንዲገኝ ቸርነቱ ይርዳን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅም ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።