የተቀየረ ቪዲዮ ያው ቪዲዮ ነውን?

ኮምፒውተር ላይ በደንብ የሚታይ ቪዲዮ በፍላሽ ተጭኖ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ አልከፍት ሊል ይችላል። ወይም ይከፈትና ድምፅ አይኖረውም፤ ወይም የሰው ፊት ተለጥጦ ይታያል። መድኃኒቱ ፋይሉን ቴሌቪዥኑ ወደሚያውቀው ፎርማት መቀየር ነው። ከቅየራው የሚወጣው ፋይል ከቀድሞው ጋር አንድ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ለፈላስፎች ብቻ የሚተው አይደለም። ምን ሳይጓደል መድረስ እንዳለበት ያልወሰነ ሰው የትኛው ብልሽት፣ የትኛው ተራ ለውጥ እንደሆነ መለየት አይችልም።

ጥብቁ መልስ አንድነትን በቢት ይለካል፤ ሁለት ፋይሎች አንድ የሚሆኑት ዜሮና አንዶቻቸው በሙሉ ሲገጥሙ ነው። ይህ መለኪያ ገና በቀላሉ ጥገና ላይ ይሰናከላል። ኤምኬቪ እና ኤምፒ4 ምስልና ድምፅን አንድ ላይ የሚይዙ መያዣዎች ናቸው፤ ምስሉ የተጨመቀበት ዘዴ፣ ማለትም ኮዴኩ፣ ሌላ ነገር ነው። አንዳንዴ ቴሌቪዥኑን ያቃተው መያዣው እንጂ ኮዴኩ አይደለም። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ምስሉን ሳይነካ ከመያዣ ወደ መያዣ ያዛውረዋል፤ እንደገና የሚሰላ ምስል ስለሌለ ሥራው ብዙ ጊዜ አይወስድም። የፋይሉ ቢቶች ተለውጠዋል፤ የሚታየው እያንዳንዱ ፍሬም ግን እስከ መጨረሻው ፒክስል ያው ነው። ይህን ሌላ ቪዲዮ ነው የሚል ሰው አይገኝም።

ችግሩ ከኮዴኩ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ኤችኢቪሲ የማያነብ አሮጌ ቴሌቪዥን በ2003 የወጣውን ኤች 264 ሊያነብ ይችላል፤ ስለዚህ ምስሉ ተፈትቶ እንደገና መጨመቅ አለበት። በጭመቃው ፍሬሙ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል፤ በየአንዳንዱ ያለው ዝርዝር ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ዓይን እምብዛም የማያስተውላቸው ቁጥሮች ይጠጋጉና ብዙዎቹ ዜሮ ይሆናሉ። ዜሮ የሆነው አይመለስም፤ የፋይሉን መጠን ማሳደግም አያስመልሰውም።

እዚህ ላይ ሁለተኛው መለኪያ ዓይን ይሆናል፤ ተመልካች ካልለያቸው አንድ ናቸው ይባላል። ምቹ ነው፤ አንድነት ግን ሊሆን አይችልም። ሀ ከለ ጋር፣ ለም ከሐ ጋር አንድ ከሆኑ ሀ እና ሐ የግድ አንድ ናቸው። በዓይን ሲለካ ይህ አይሠራም፤ አንደኛው ቅጂ ከዋናው፣ ሁለተኛው ከአንደኛው የማይለይ መስሎ ይሄድና ከብዙ ቅጂ በኋላ ሰማዩ ተቆራርጦ፣ የፊት መስመሮች ጠፍተው ይገኛሉ። ሁልጊዜ ከዋናው እንጂ ከቅጂ ቅጂ አይቀየርም የሚለው ደንብም ከዚሁ የመጣ ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ምንም ሳይጎድል የሚበላሸው ነው። የድሮ የሠርግ ቪሲዲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ኢትዮጵያ የተከተለችው ፓል የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ሲሆን የፓል ቪሲዲ ምስል 352 በ288 ፒክስል ነው፤ የታሰበውም 4 በ3 ለሆነ ስክሪን ነው። በዛሬው 16 በ9 ስክሪን ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲለጠጥ ሙሽሮቹ ይወፍራሉ፣ ቀለበቱም ክብነቱን ያጣል። ከምስሉ የተጣለ ነገር የለም፤ የተበላሸው ምጣኔው ነው። አርስቶትል በ«ሜታፊዚክስ» ሥጋ እሳትና መሬት ብቻ አይደለም፣ እነዚህን ሥጋ የሚያደርግ ሌላ ነገር አለ ሲል የሚከራከረው እንዲህ ስላለው ነው። ጥገናው ምጣኔውን አርሞ በግራና በቀኝ ጥቁር ባዶ መተው ነው። ጥቁሩን እንደ ጉድለት የሚያዩ ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ካሜራው ያላነሣውን ባዶ መተው ያነሣውን ሰው ከማወፈር ይሻላል።

ድምፅና ምስል ሲለያዩም ጉዳዩ ያው ነው። በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ሥርዓት የተቀረጸ ቪዲዮ በሰከንድ 29.97 ፍሬም አለው። ፕሮግራሙ 30 ብሎ ከቆጠረው በአንድ ሰዓት ውስጥ ምስሉ ድምፁን በ3.6 ሰከንድ ያህል ይቀድመዋል። መጀመሪያ ገጥሞ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ የሚታረመው የፍሬም ፍጥነቱ ነው፤ ድምፁን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መግፋት የሚጠቅመው ክፍተቱ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

አንዳንዴ ሁሉንም ማዳን አይቻልም። በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ ፊልም ለ25 ሲዘጋጅ ማፍጠን አንዱ መንገድ ነው፤ ፍሬሞቹ ሁሉ ይተርፋሉ፣ ነገር ግን የ100 ደቂቃው ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል፣ ድምፁም ካልታረመ ይቀጥናል። በየሰከንዱ አንድ ፍሬም መድገም ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ እንቅስቃሴውን ያንገጫግጫል። ዘፈን ባለበት ቪዲዮ ጊዜው ቢጠበቅ ይመረጣል፤ ጆሮ የተለወጠ ድምፅን ቶሎ ይለያል።

ፈላስፋው ኔልሰን ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው «ላንጉዌጅስ ኦፍ አርት» ሥዕልንና ሙዚቃን ይለያል። ሙዚቃ ኖታው እስከተጠበቀ ድረስ በማንም ቢጫወት ያው ሙዚቃ ነው፤ ለሥዕል ግን ማን እንደሣለው ወሳኝ ነው። ቪዲዮ ከሁለቱም ጠባይ አለው። የልብ ወለድ ፊልም ወደ ኖታው ያደላል። የሠርግ ቪዲዮ ግን ምስክር ነው፤ ዋጋው በዚያ ቀን ከእነዚያ ሰዎች ፊት ወደ ካሜራው ከገባው ብርሃን የመጣ መሆኑ ነው። ደብዛዛ ምስልን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጠራ ፕሮግራም የጎደለውን ዝርዝር የሚሞላው ከሌሎች ብዙ ምስሎች በተማረው ነው። የሙሽራዋ እናት ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ሲታይ ደስ ይላል፤ ሽፋሽፍቱ ግን የእሳቸው አይደለም። እንዲህ የጠራ ቅጂ ለማየት ሊያገለግል ይችላል፤ 352 በ288 የሆነው ዋናው ፋይል ግን ሳይነካ ለብቻው ይቀመጣል፣ የተሞላውም ቅጂ የተሞላ መሆኑ በስሙ ላይ ይጻፋል።