ለማይመቸው እንግዳ የሚሆን በርጩማ

ልጆቼ፣ አንገታችሁን ስልካችሁ ላይ ደፍታችሁ ስትጫወቱ ሳይ ተግሣጽ የምትጠብቁ ከሆነ ዛሬ ከእኔ አታገኙትም። ጨዋታ ጊዜ ይበላል የሚለውን ከሌላ ሰው ሰምታችሁታል፤ እኔ የማካፍላችሁ ሌላ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በግንባታ ሥራ ኖሬያለሁ፤ ድንጋይም ጡብም ብሎኬትም በእጄ አልፏል። ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ አቀማመጥ ያስተማረኝ ክብደት የሌለው፣ ስክሪን ላይ የሚወርድ የብርሃን ጡብ ነው። ስሙ ቴትሪስ ይባላል። ሳልነግራችሁ ባልፍ ዕዳ ይሆንብኛል።

በ1979 ዓ.ም. ሞስኮ ውስጥ የምህንድስና ተማሪ ነበርሁ። ብርዱ አጥንት ዘልቆ በሚገባበት በአንድ የጥር ማታ፣ ከእኔ በላይ ያለ ሩሲያዊ ተማሪ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ይዞኝ ገባና ወንበር ሳበልኝ። የጨዋታው ፈጣሪ አሌክሲ ፓጂትኖቭ እዚያው ከተማ፣ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል የሚሠራ ሰው ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው በእጁ የነበረው ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለ ማሽን ሥዕል ማውጣት አይችልም፤ የሚያሳየው ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ሰውየው የተሻለ ማሽን እስኪመጣለት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ቅንፍን ከቅንፍ ገጥሞ ጡብ አደረገው። ጨዋታው ቀለም የለበሰው ኋላ ነው፤ ቫዲም ገራሲሞቭ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ለአይቢኤም ኮምፒውተር ሲያዘጋጀው። ልጆቼ፣ የጎደላችሁን ስትቆጥሩ በእጃችሁ ያለው እንዳይዝግባችሁ። ቅንፍ ያለው ሰው ቤት መጀመር ይችላል።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ወርዱ 10፣ ቁመቱ 20 ካሬ የሆነ ሜዳ አለ። ከላይ አንድ አንድ ቅርጽ ይወርዳል፤ እያንዳንዱም ከ4 ካሬ የተሠራ ነው። ዓይነታቸው 7 ነው፦ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ጉብ ያለ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የታጠፉ ሁለት ከዘራዎች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የተሰበሩ ሁለት ደረጃዎች። ቅርጹ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ጎን ትገፉታላችሁ፣ ታዞሩታላችሁ። አንድ ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ይጠፋል፣ በላዩ ያለው ዝቅ ይላል። ክምሩ ጣራ ሲነካ ጨዋታው ያበቃል። ፓጂትኖቭ የተነሣው ከ5 ካሬ ከሚሠሩ 12 ቅርጾች ነበር፤ በዝተው ቢያስቸግሩት ከእያንዳንዱ አንድ ካሬ ቀንሶ ሰባት ላይ ቆመ። በዚያው ዘመን መምህሬ የመጀመሪያ የቤት ንድፌን አይቶ ግማሹን በእርሳስ ሰረዘውና “አሁን ቤት ሆነ” አለኝ። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የሚጨምር ብዙ ነው፤ መቀነስ ያወቀ ግን አናጢ ይባላል።

መጫወት በጀመርሁ ሰሞን አንድ ምኞት ያዘኝ። በቀኝ በኩል አንዲት ጠባብ መስመር ክፍት እተውና ሌላውን ሁሉ እከምራለሁ፤ ረጅሙ ዘንግ መጥቶ ሲገባባት አራት ረድፍ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ምኞቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ በኋላ ባወጣው ቴትሪስ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አንድ ረድፍ 40 ነጥብ ሲያስገኝ አራቱ በአንድ ጊዜ 1200 ያስገኛሉ። ዘንጉ ግን በቀጠሮ አይመጣም። እኔ ሽቅብ እያየሁ ስጠብቅ ክምሩ ጣራ ነካ። በ1984 ዓ.ም. አገሬ ስመለስም ይህንኑ ደገምሁት። ዲፕሎማዬን በፖስታ ይዤ ትልቅ ቦታ እስኪጠራኝ ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጥሁ፤ የአጥር ግንብና የጎረቤት ሰርቪስ ቤት ሥራ ሲመጣ አነሰብኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ልጆቼ፣ ለረጅሙ ዘንግ በር ክፈቱለት፤ ቤታችሁን ግን በእርሱ ላይ አትመሥርቱ። አንድ ረድፍ ማጥፋትም ማጥፋት ነው።

በዚህ ጨዋታ ከውድቀት ሁሉ የከፋው ጉድጓድ መክደን ነው። በችኮላ የተቀመጠ ቅርጽ ከሥሩ አንዲት ባዶ ካሬ ይተዋል። ካሬዋ አትታይም ማለት ይቻላል፤ ያቺ ረድፍ ግን ከእንግዲህ አትሞላም። ልትደርሱባት የምትችሉት በላይዋ ያለውን አንድ በአንድ አጥፍታችሁ ስትወርዱ ብቻ ነው፤ እስከዚያ የሚወርደው ሁሉ በጉድለት ላይ ይቆለላል። ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ በምቆጣጠረው ሕንፃ የአንድ ኮለን ኮንክሪት በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቀርቶ፣ ፎርሙ ሲነሣ ከታች በኩል ባዶ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት ነበር፤ ጠጠሩ እንደ ጥርስ አፍጥጦ ይታየኛል። ቀኑን ላለማባከን በሲሚንቶ ተለስኖ ሥራው ይቀጥል አልሁ። ሁለት ፎቅ ከወጣን በኋላ ያንኑ ኮለን ደግፈን፣ ሰርስረን፣ እንደገና ሞላነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን በከንቱ አይደለም። የተለሰነ ስሕተት የተስተካከለ አይምሰላችሁ፤ በላዩ ያሠራችሁትን ሁሉ ይዞ ይጠብቃችኋል።

ልጄ ትንሽ ሳለች ከመርካቶ ብሪክ ጌም የምንላትን ትንሿን የእጅ ጨዋታ ገዛሁላት። ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ በሁለት አውራ ጣቶቿ ትጫወታለች። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ እርሷም በዝግታው ተማምና እንደመጣላት ትጥላለች። ረድፎች በጠፉ ቁጥር አወራረዱ እየፈጠነ ሲሄድ ቀድሞ ያዝረከረከችው ያንቃታል፣ ልብሴን ይዛ ታለቅሳለች። “እስቲ ጥግ ያለችውን ሳጥን እያት” አልኋት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቅርጽ የሚታይባት ናት። ከዚያ ማታ ጀምሮ የያዘችውን ስታስቀምጥ የሚቀጥለውን እያሰበች ሆነ፤ ፍጥነቱ ሳይለወጥ እርሷ ተለወጠች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልጆቼ፣ ቀኑ ዝግ በሚልበት ዕድሜ ላይ ናችሁ። ሜዳችሁን አሁን አስተካክሉ፤ ፍጥነቱ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም የሚያገኛችሁ ባሰናዳችሁት ላይ ነው።

ይህን ደግሞ እኛ ሽማግሌዎችም እንስማ። በ1989 እ.ኤ.አ. ኒንቴንዶ ባወጣው ጨዋታ 29ኛው ደረጃ ላይ ቅርጾቹ እጅግ ይፈጥናሉ፤ ቁልፉን ተጭኖ የያዘ ሰው ወደ ዳር ሳያደርሳቸው ያርፋሉ። ስለዚህ የሰው ችሎታ እዚያ ያበቃል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ታመነ። ኋላ የመጡ ወጣቶች አያያዙን ለወጡት፤ አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳርፈው በሌላው እጃቸው ጣቶች መጫወቻውን ከጀርባው በተርታ እየመቱ ግድግዳውን አለፉት። በ2023 እ.ኤ.አ. መገባደጃ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ 157ኛው ደረጃ ደርሶ፣ በእርሱ ፈንታ ጨዋታው ራሱ ደርቆ ቆመ። እኔም ውኃ በማይደርስበት ሥራ ላይ ቦቴ ሳይመጣ ኮንክሪት ማጠጣት አይቻልም ብዬ ስከራከር፣ አንዲት ወጣት መሐንዲስ የመጋዘኑን ጣራ ውኃ በአሸንዳ ወደ በርሜል ሰብስባ ክረምቱን በሙሉ አጠጣችው። ልጆቼ፣ ትልቅ ሰው “አይቻልም” ሲላችሁ በአክብሮት ስሙት፤ ከዚያም አያያዛችሁን ለውጣችሁ ሞክሩት።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። በሙያዬ ውኃ ልክ ስለማምን ሜዳውን ፍጹም ደልዳላ አድርጌ መጫወት እወድ ነበር። ዘንጉም፣ አራት ማዕዘኑም፣ ከዘራዎቹም፣ ጉብ ያለውም በደልዳላ መሬት ይመቻቸዋል። የተሰበሩት ሁለቱ ደረጃዎች ግን በደልዳላው ላይ የትም ቢያርፉ ከሥራቸው ጉድጓድ ይተዋሉ። እነርሱን ጠላት አድርጌ ስረግማቸው ኖርሁ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ከሜዳው ላይ የአንድ ካሬ እርከን ብተው አንዱ ተኝቶ ሌላው ቆሞ ሁለቱም ይቀመጡባታል። አንዲት እርከን ለሁለት አስቸጋሪ እንግዳ ትበቃለች።

ይህን ያወቅሁ ቀን ደብረ ብርሃን ያለው የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ። ከበሩ አጠገብ፣ ከግድግዳው ተጠግታ አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበረች። ቡና ሲፈላ ቤቱ ሰው ቢሞላም ማንም አይቀመጥባትም፤ እኛ ልጆቹ መደብ ላይ ተጨናንቀን እናያታለን። ያልታሰበ መንገደኛም ይምጣ፣ የተጣላ ጎረቤት፣ ወሬው የማያልቅ ዘመድ፣ መቀመጫው እርሷ ናት። እናቴ ማንን እንደምትጠብቅ አታውቅም፤ ሰው እንደሚመጣ ግን ታውቃለች። እርከንም ሆነ በርጩማ ግን ለሁሉ አይበቃም፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ሃይዲ በርጊል የተባለች የሒሳብ ባለሙያ፣ በጨዋታው የተሰበሩት ሁለቱ ደረጃዎች ብቻ እየተፈራረቁ ቢመጡ የትኛውም ተጫዋች መሸነፉ እንደማይቀር አስረዳች። እናቴንም የማይመለስ እንግዳ መጥቶ ወሰዳት። በርጩማዋ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ለእንግዳ እንደተጠበቀች ቆየች፤ ለቀስተኛው ሲበዛም የደከመ ሰው አረፈባት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሚወርድላችሁን አትመርጡም፣ የሚወርድበትንም ሰዓት አታዙም። ሥራችሁንም ትዳራችሁንም አጥብቃችሁ አስተካክሉ፤ ጉድጓድ አትክደኑ፤ ትንሿን ረድፍ አትናቁ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ግን ለማይመች ቀንና ለማይመች ሰው የምትሆን አንዲት እርከን ተዉ። በሩን ሲያንኳኳ የምትስቡለት በርጩማ አያሳጣችሁ።