ስደተኛ ልጅ የማንን አገር ትምህርት ይማር?

ጥያቄው የጋምቤላ ነው። በኩሌ ወይም በቴርኪዲ መጠለያ ያለ፣ ከደቡብ ሱዳን የተሰደደ የኑዌር ልጅ የሚማረው በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስም ከአካባቢው ልጆች እኩል ለሚኒስትሪ ፈተና ይቀመጣል። አዋሽ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቀር ይሸመድዳል። የአገሩን ከተሞች፣ የናስርንና የማላካልን ነገር ግን ከእናቱ ካልሰማ ከደብተሩ አያገኘውም። ዜግነት ሳይሰጡት የዜጋ ትምህርት ማስተማር ምን ይባላል? ነገ አገሩ ሲገባስ ምን ይፈይድለታል?

ልቤ መጀመሪያ ያደላው «የአገሩን ይማር» ወደሚለው ነው። ቤቱን ላጣ ልጅ ታሪኩን እንኳ መተው ደግ ይመስላል። ሆኖም ደግ የመሰለ ነገር ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለምና ልፈትነው ወደድሁ። ፈተናውን ማን ያወጣል? ሰርተፊኬቱን ማን ይፈርማል?

ለዚህ ቻድን የመሰለ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከዳርፉር ሸሽተው ምሥራቅ ቻድ የገቡ ልጆች እስከ 2014 ድረስ የተማሩት የሱዳንን ትምህርት ነበር። ነገ እንመለሳለን በሚል ተስፋ ነው። የሱዳን ሰርተፊኬት ዋጋ የሚኖረው ግን ካርቱም ስትቀበለው ነው፤ እነሱ ደግሞ የሸሹት ከካርቱም መንግሥት ነው። በመጠለያው የተወለደው ልጅ አሥር ዓመት ሞልቶት ትምህርቱ ወደ ቻድ ሲዞር፣ መመለሱ ገና ወሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ጭራሽ ዘመዶቹ በድንበር ከተማዋ በአድሬ በኩል ተከትለውት መጡ።

ዳርፉር የተለየ ነው እንበል። እሺ፣ ወደ ራሳችን ወንዝ እንመለስ። በደርግ ዘመን ማብቂያ የጋምቤላው ፒኝዶ ከወላጆቻቸው የተለዩ ብዙ የደቡብ ሱዳን ልጆች መጠለያ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ልጆቹ የጊሎን ወንዝ ተሻግረው ሸሹ፤ ውኃና ጥይት ብዙዎቹን አስቀራቸው። ከተረፉት ብዙዎቹ በዓመቱ ኬንያ፣ ካኩማ ገብተው የኬንያን ትምህርት ተማሩ። እነዚያን ልጆች ያኔ «የአገራችሁን ተማሩ» ብንላቸው የምንሰጣቸው መጽሐፍ የቱ ነበር? የካርቱም ነዋ! ደቡብ ሱዳን የምትባል አገር የተፈጠረችው ሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 2006 ደግሞ ጦርነት ገባችና ልጆቿን መልሳ ወደ ጋምቤላ ሰደደች። «ለጊዜው ነው» የሚለውን ቃል ከዚህ ወዲህ በቀላሉ አላምነውም። (ቃሉን አብዝተው የሚናገሩት ደግሞ ልጆቻቸውን ሌላ ቦታ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው።)

ስለዚህ የአስተናጋጁን አገር ይማር ልል ነው። የጋምቤላው ልጅ በዚህ ብዙ አይጎዳም፤ ኑዌር ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ነው። ክልሉ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ኑዌርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል፤ ከፍ ሲል የሚመጣው እንግሊዝኛም የደቡብ ሱዳን የሥራ ቋንቋ ነው። ለኢትዮጵያዊው ኑዌር የተሠራው ለእንግዳውም ልክ ሆነ። ትምህርቱ አንድ ከሆነ ደግሞ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለስደተኛውም ለመንደሩም ልጅ ይበቃል።

በሱዳን ድንበር፣ መተማ ላይ ግን ይህ መልስ ይሰበርብኛል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ስትነድ በመተማ የገባው ልጅ ሂሳቡንም ሳይንሱንም የለመደው በዐረብኛ ነው። የአማራ ክልል ማስተማሪያ ግን በአብዛኛው አማርኛ ነው። ሰባተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ፊደል ሊቆጥር አንደኛ ክፍል ይቀመጥ? በዚያ ላይ በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የባለአገሩ ልጅ ራሱ ቤት በዋለበት «ስደተኛው በብሔራዊው ሥርዓት ይታቀፍ» ማለት የት ይግባ ማለት ነው? ለዚህ ልጅ ዐረብኛ የሚያውቅ መምህርና መሸጋገሪያ ጊዜ ካልተሰጠው ሥርዓተ ትምህርቱ የማንም ቢሆን አይገባውም። ካርቱም ያስተማሩ መምህራን ደግሞ አብረውት ተሰደዋል፤ ሩቅ አይፈለጉም።

አሁን ወደ ሕጉ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ስደተኛውን ከኢትዮጵያዊው እኩል ያደርገዋል። ከዚያ በላይ ያለውን ግን ካለው ሀብትና ከትምህርት ፖሊሲው ጋር ያያይዘዋል። አዋጁን አልነቅፍም፤ የሌለውን ቃል የሚገባ ሕግ ከዚህ ይብሳል። ይሁንና ልጁ የሚቀረው እዚህች ላይ ነው። ከመቶ በላይ ሆኖ በአንድ ክፍል ታጭቆ፣ በትንሽ ማበረታቻ በሚያስተምር ስደተኛ መምህር እጅ ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል መቀመጫ ካጣ፣ የተማረው የማን አገር ታሪክ እንደሆነ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። በዓለም ካሉት ስደተኛ ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት የሚደርሱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

ፍርዴ ይኸው ነው፦ በኩሌ የኢትዮጵያ ትምህርት ይቀጥል፣ በመተማ በዐረብኛ ይጀመር። ለስደተኛ ትምህርት ገንዘብ የምትሰጡም የምታስተዳድሩም፣ ከመጽሐፉ ሽፋን በፊት የዘጠነኛ ክፍሉን ወንበር ቁጠሩ።