ክረምቱን አስጾሚው

ልጄ፣ ጉብሬ ሥራ ይዘሽ ቤት ከተከራየሽ ወዲህ መስኮትሽ አጠገብ ስላቆምሽው ረጅም ካክተስ ጠይቀሽኛል። ስልክሽ ላይ ያነበብሽውን ምክርም ልከሽልኛል፤ ከታህሳስ እስከ የካቲት ውኃ ከልክዪው፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ በደንብ አጠጪው ይላል። ምክሩ ለጻፈው ሰው አገር ልክ ነው። እሱ ዘንድ ታህሳስ ብርድ ነው፣ ቀኑም አጭር ነው፤ ሐምሌ ደግሞ የፀሐይ ወር ነው። ጉብሬ ላይ ግን በሐምሌ ያጠብሽው ልብስ ስንት ቀን ገመድ ላይ እንደሚከርም ታውቂያለሽ። ማሰሮ ውስጥ ያለ አፈርም ከዚያ ልብስ ፈጥኖ አይደርቅም። ያን ምክር እንዳለ ከተከተልሽ፣ ተክሉ እንቅልፍ ሲፈልግ እየቀሰቀስሽው፣ ሲነቃ ደግሞ በጥም ትቀጪዋለሽ።

ካክተስ ዘሩ ከአሜሪካ ምድር ነው። ነጋዴዎች ሴሪየስ የሚሉት፣ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ የሚያድገው ያንቺ ዓይነቱ የደቡብ አሜሪካ ነው። እንዲህ ያለ ተክል ውኃ ሲያገኝ ማደግ ይጀምራል፤ ለማደግ ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ችግሩ ውኃውና ደመናው አብረው መምጣታቸው ነው። ቤት ውስጥ ሆኖ በሐምሌ የጠጣ ካክተስ ያድጋል፣ ማደጉንስ ያድጋል፤ ብርሃን ስለሌለው ግን ጫፉ እየቀጠነና እየገረጣ ይወጣል። የቀጠነው አካል በኋላ ፀሐይ ቢያገኝም ተመልሶ አይወፍርም። ከበላዩ ጤነኛ አካል ቢበቅልም አንገቱ እንደቀጠነ ይቀራል፣ ሲከብደውም ከዚያው ይሰበራል። በአንድ ሰው ሳሎን መሃሉ የሰለለ ካክተስ ካየሽ፣ ክረምቱን ሲጠጣ እንደከረመ ሳትጠይቂ ዕወቂ።

ስለዚህ የጉብሬን ሰማይ ተከተዪ። ሰኔ ሲገባ ውኃውን ቀንሺለት፤ ሐምሌንና ነሐሴን አስጾሚው። ፍልሰታን ለሚጾም ቤት ይህን ማስታወስ አይከብድም። አይሞትም፣ አትስጊ። ሌላው ተክል አየር የሚያስገባባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ሲከፍት፣ ካክተስ ቀን ዘግቶ ሌሊት በቀዝቃዛው ሰዓት ይከፍታቸዋል። ሌሊት ያስገባውን አየር በአሲድ መልክ አስቀምጦ ቀን በፀሐይ ብርሃን ይሠራበታል። በዚህ ዘዴ ከሰውነቱ የሚተንነው ውኃ እጅግ ጥቂት ነው፤ ግንዱም ራሱ ጎተራው ነው።

መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ሰው ከመርካቶም ይሁን ከሌላ ቦታ ወደ አገሩ ይገባል። አንቺም በርሽን ቆልፈሽ እናትሽ ዘንድ መሄድሽ አይቀርም። ያን ጊዜ ለጎረቤት “አበባዬን አጠጪልኝ” ብለሽ አደራ አትስጪ። አደራ የተቀበለ ሰው ያበዛል፣ በተለይ ደግ ጎረቤት። ክትፎሽን በልተሽ፣ ተመራርቀሽ ስትመለሺ የዓመቱን የመጀመሪያ ውኃ ራስሽ ስጪው። ከዚያ እስከ ግንቦት ድረስ ያለው የሱ ጊዜ ነው።

ስታጠጪው ደግሞ በስኒ ጠብ ጠብ አታድርጊ። የላይኛውን አፈር ብቻ የሚያርስ ውኃ ሥሩ ዘንድ አይደርስም፤ ላዩን ብቻ እያረጠበ ያቆየዋል። ጠዋት ላይ፣ ከማሰሮው ሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ አጠጪ፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፊ፤ ከዚያ እርሺው። እንደገና ለማጠጣት ቀን አትቁጠሪ። ቀጭን ስንጥር በማሰሮው ዳር እስከ ታች ድረስ ሰክተሽ ጥቂት አቆይተሽ ምዘዢው። ርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ጊዜው አልደረሰም። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ከወጣ ጥቂት ቀን ጨምረሽለት አጠጪ። በበጋ ይህ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ ማሰሮው ትልቅ ከሆነ ይበልጥ ይቆያል። የቡና አተላ ግን ሥሩ እንዳትደፊ። ብዙ ቤት ለተክል ይጠቅማል እየተባለ ከረከቦቱ አጠገብ ያለ ማሰሮ ሁሉ አተላ መድፊያ ሆኗል። አተላው ርጥበት ይይዛል፣ ላዩ ላይም ሻጋታ ያበቅላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልሽ። እኛ ያደግነው በእንሰት ነው። እንሰት ፍግ ይወዳል፤ ከበረት የሚወጣው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ዓመታት ተንከባክበነው ነው ቆጮ የሚሆነን። በዚህ ያደገ እጅ ለተክል መስጠትን እንጂ መከልከልን አልለመደም። የአገራችን ሴቶች ካክተስ የሚገድሉት ከስንፍና አይመስለኝም፣ ከእንሰቱ ጓሮ ይዘውት በመጡት ልማድ ነው። ፍግ ከፈለግሽ ፈጽሞ የበሰበሰና አፈር የመሰለ አንድ እፍኝ፣ ያውም አፈሩን ስትቀይሪ ብቻ ይበቃዋል።

ተክሉ ራሱ ይናገራል፣ የሚያየው ካገኘ። ግንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች የተዘረጉት ሸንተረሮች እንደ አኮርዲዮን ናቸው፤ ሲጠጣ ይከፈታሉ፣ ሲጠማ ይጠጋጋሉ። በነሐሴ መጨረሻ ሸንተረሮቹ ቢጠጋጉና በመካከላቸው ያለው ጎድጓዳ ቢጠልቅ አትደንግጪ፤ ጎተራውን እየበላ ነው። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ጎንበስ ብለሽ ግንዱ ከአፈሩ የሚገናኝበትን ቦታ እዪ። ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ፣ በእርሳስ ጫፍ ጫን ስትዪው እንደ በሰለ ሙዝ ከሰረገደ መበስበስ ጀምሯል። ታችኛው ክፍል ዕድሜ ሲጠግብ የእንጨት ቅርፊት መልክ ይይዛል፣ እሱ ግን ደረቅና ጠንካራ ነው፤ በሽታ አይደለም። ለስላሳና ርጥብ የሆነውን ግን ውኃ በመከልከል ብቻ አታድኚውም። ከመበስበሱ በላይ መቁረጥ አለብሽ፤ አቆራረጡን ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ።

አፈሩ ግማሽ መድኃኒት ነው። መረሬ አፈር ፈጽሞ አታስጠጊ፤ በክረምት ውኃ ይዞ ያፍናል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። የጓሮሽ ቀይ አፈርም ብቻውን ይጠብቃል። አንድ እጅ ቀይ አፈር ከሁለት እጅ ቀይ አሽ ጋር ደባልቂ። ቀይ አሽ የምልሽ መንገድ የሚደለድሉበትን ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ነው። እሱን ፍለጋ ሩቅ አትሄጂም፤ በቡታጅራና በስልጤ በኩል ጥንት በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉብታዎች ሞልተዋል፣ የአራ ሸይጣን ሐይቅም የዚያው እሳት ሥራ ነው። በወንፊት ነፍተሽ ዱቄቱን ጣይው፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያህለውን አስቀሪ። ማሰሮው ያልተቀባ ሸክላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በጎኑም ይደርቃል፣ ክብደቱም ረጅሙን ተክል ከመውደቅ ይይዛል። የቀለም ባልዲ ከሆነ ያለሽ ሥሩን ብሺው። ከተክሉ እጅግ የሰፋ ማሰሮ ግን አትስጪው፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውኃ ይዞ ይከርማል።

የመስኮቱ ነገር ደግሞ የውጭ ምክር የሚያሳስትበት ሌላው ቦታ ነው። እነሱ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ይላሉ፤ እነሱ ዘንድ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ነው። ጉብሬ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የእኩለ ቀኗ ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። ዓመቱን ሙሉ የማይከዳሽ የምሥራቁ መስኮት ነው። እጅሽን ዘርግተሽ መስኮቱን በምትነኪበት ርቀት አስቀምጪው፤ መጋረጃውንም ጠዋት ግለጪለት። ቴሌቪዥኑ ጎን ያለው ጥግ ለፕላስቲክ አበባ ይሁን። በበጋ ደጅ ልታወጪው ብትፈልጊ መጀመሪያ ጥላ ሥር አለማምጂው፤ ወልቂጤና አካባቢው ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፣ የዚህ ከፍታ ፀሐይ ቤት የለመደውን ግንድ በአንድ ቀን ትለበልበዋለች። ጠባሳውም አይጠፋም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ካክተስ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ካክተስ አይደለም። የአገራችን ቁልቋልና አጥር የሚሆነው ቅንጭብ ሌላ ወገን ናቸው፤ ዘመዶቻቸው በውጭ አገር ሳሎን ሳይቀር በካክተስ ስም ይቆማሉ። መለያው ቀላል ነው። የካክተስ እሾህ የሚወጣው ከትንሽ የጥጥ ትራስ ከመሰለ ነጥብ ላይ ነው። ቁልቋል ያ ትራስ የለውም፣ እሾሁም ጥንድ ጥንድ ነው። ከተጠራጠርሽ በመርፌ ጫፍ ጫር አድርጊው፤ ነጭ ወተት ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ቁልቋል ነው። አያያዙ ተመሳሳይ ስለሆነ ልታሳድጊው ትችያለሽ፣ ወተቱ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባም ለጊዜው እስከማሳወር ይደርሳል። ስትቆርጪው ጓንት አድርጊ፣ ፊትሽን አትንኪ። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግመሽ ታጠቢና ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የእህትሽ ልጆች ቤትሽ የሚመላለሱ ከሆነ እጃቸው ከማይደርስበት አስቀምጪው።

ግንዱ ላይ የጥጥ ብጣሽ የመሰለ ነጭ ነገር ካየሽ ነፍሳት ናቸው። ጥጥ አልኮል አስነክረሽ አንድ በአንድ ጥረጊያቸው፣ ከሳምንት በኋላ ድገሚ። አትናቂያቸው። የእነዚህ ዘመድ የሆነው ኮችኒል በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ ትግራይ ገባ፤ ከቁጥጥር ወጥቶም ገበሬው የሚበላውንና ለከብቱ የሚሰጠውን የበለስ ማሳ አጠፋ። በለስ ደግሞ እውነተኛ ካክተስ ነው፣ ያንቺው ዘመድ።

አበባ አትጠብቂ። ሴሪየስ ትልቅ ነጭ አበባ አለው፣ ማታ ፈክቶ ሲነጋ ይጠወልጋል፤ ግን ካልጎለመሰና በቂ ፀሐይ ካላገኘ አያብብም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ያ እምብዛም አይሆንም። የሚያጋጥምሽ ኮርኒስ መንካቱ ነው። ያኔ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቢላዋ በአልኮል ጠርገሽ ቁረጪው። የበሰበሰ ከሆነ ግን ወር አትጠብቂ፤ ውስጡ ያለው ቡናማ ነጥብ ጠፍቶ ንጹሕ እስኪሆን እየቆረጥሽ ወደ ላይ ሂጂ። ቁራጩን ጥላ ውስጥ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፤ ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪያወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ ትከዪው፣ ሥር እስኪይዝም ውኃ አትስጪው። ጤነኛው ጉቶ ከጎኑ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል።

ቁራጩ ለጎረቤትሽ ይሁን። ስትሰጪያት ግን ሰኔ ላይ ውኃ እንድትቀንስለት፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ፈጽሞ እንዳትሰጠው አደራ በያት።