ቍስለኛው የማን ወገን ነው?



ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ በተናገረው ምሳሌ (ሉቃ. 10፥25-37) ቍስለኛውን ያነሣው እንደ ባዕድ ይታይ የነበረ ሰው ነው። ይህን ይበልጥ እንድናስተውል ከሩቅ ባሕር አንድ ታሪክ እናነሣለን።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1805 በስፔን ጠረፍ፣ ትራፋልጋር በተባለው ስፍራ አጠገብ፣ 27 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከ33 የፈረንሳይና የስፔን መርከቦች ጋር ገጠሙ። መርከቦቹ በሸራና በነፋስ የሚሄዱ፣ በመድፍ የሚዋጉ ነበሩ። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ከውጊያው በፊት በጻፈው ጸሎት ድልን ብቻ አልለመነም፤ ከድል በኋላ ሠራዊቱ ርኅራኄን እንዲያሳይም ለመነ። እርሱ ግን በዚያው ቀን በጥይት ተመትቶ ሞተ።

አሺል የተባለው የፈረንሳይ መርከብ በእሳት ሲያያዝ እንግሊዛውያን በጀልባ ቀርበው ባሕር ውስጥ የወደቁትን ጠላቶቻቸውን አወጡ። ቀጥሎም ለቀናት የቆየ ብርቱ ማዕበል ተነሥቶ የተጐዱትን መርከቦች ሰባበረ። ያን ጊዜ የስፔን ሰዎች ማዕበሉ ወደ ጠረፋቸው የጣላቸውን እንግሊዛውያን ተቀብለው አበሉ፤ መኝታም ሰጡ። ኔልሰንን የተካው አድሚራል ኮሊንግውድ የስፔንን ቍስለኞች ሊመልስ ለካዲዝ ገዥ ጻፈ፤ ገዥውም ሆስፒታሎቹ ለእንግሊዝ ቍስለኞች ክፍት እንደሚሆኑ መለሰ።

ይህ ምሕረት ጦርነቱን ቅዱስ አያደርገውም፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች አልቀዋልና። የነገሥታቱም ጠብ በዚያ ቀን አልበረደም። ምሕረት ግን እርቅን አልጠበቀም፤ ቀድሞት መጣ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1808፣ እንግሊዝና ስፔን በአንድነት ተሰለፉ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩና አርጎባው ይገናኛሉ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተመራርቀው ይገበያያሉ። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞተ፤ ቤት ንብረትም ተቃጠለ። ማን እንደ ጀመረ መመርመር የፍርድ ሥራ ነው፤ የእኛ ግዴታ ግን ከዚያ ይቀድማል። እኛም በዚያ መንገድ ላይ ካህኑና ሌዋዊው እንዳደረጉት፣ የራሳችንን ሙታን ብቻ እየቈጠርን፣ የጎረቤታችንን ልቅሶ አልፈን የሄድንበት ጊዜ የለምን?

ስለዚህ ከሌላው ወገን ሐዘን የደረሰበትን ጎረቤት ሄደን እናጽና። መምህራንም ለሕፃናት የቂምን ታሪክ ሳይሆን ጎረቤቱን የሸሸገውን ሰው ታሪክ ንገሩ። ቍስለኛ የማን ወገን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ የእግዚአብሔር ነውና።

የሰላም አምላክ ልባችንን ያራራልን። አሜን።