ዮሴፍ፦ ስሙ አንድ፣ ሥራው ብዙ



በሃኑካ ሰንበት በቤተ ክኔሴት የምናነበው ፓራሻ አብዛኛውን ጊዜ «ሚኬጽ» ነው። በዚህ ፓራሻ ዮሴፍ ከእስር ቤት ወጥቶ በግብፅ ምድር ይሾማል። ፈርዖን ያማረ ልብስ ካለበሰው በኋላ ስሙንም ለውጦ ጸፍናት ፐዕናህ አለው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ፣ በተለይም ልጆች፣ እንደ ደረሱ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። አያት በቤት የምትጠራው ስምና መምህሩ በክፍል የሚጠራው ስም ተለያዩ። አንዳንዱ በቀድሞ ስሙ ሲጠሩት እስከ ዛሬ ያፍራል። እንግዲህ ኦሪት ምን ታስተምረናለች?

ዮሴፍ ማለት «ይጨምር» ማለት ነው። እናቱ ራሔል፣ እግዚአብሔር ሌላ ልጅ እንዲጨምርላት ተመኝታ አወጣችለት። ፈርዖን የሰጠው ስም በኦሪት የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ፓራሻ፣ በ«ቫይጋሽ»፣ ለወንድሞቹ እያለቀሰ ራሱን ሲገልጥ በሹመት ስሙ ሳይሆን እናቱ ባወጣችለት ስም ነው።

ከእርሱ በኋላ በዚህ ስም የተጠሩ ታላላቅ ሰዎች በየሙያው ተነሥተዋል። ሦስቱን እናንሣ።

ራቢ ዮሴፍ ካሮ እ.ኤ.አ. በ1488 በስፔን ተወለዱ፤ በ1492 አይሁድ ከዚያ ሲባረሩ በልጅነታቸው ተሰደዱ። በኋላ በጽፋት ተቀምጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1565 በቬኒስ የታተመውን «ሹልሐን ዐሩኽ» የተባለውን የሕግ መጽሐፍ አዘጋጁ።

ዮሴፍ ሃሌቪ ደግሞ የቋንቋ ሊቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1867 አልያንስ የተባለው የአይሁድ ድርጅት ወደ ቤተ እስራኤል ላካቸው። አባቶቻችን ነጭ አይሁዳዊ መኖሩን ሰምተው ስለማያውቁ ተጠራጠሯቸው። የኢየሩሳሌም ስም ሲነሣ ግን ልባቸው ተነካ።

ሦስተኛው ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ናቸው፤ ዮሴፍ የቤተሰባቸው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ። ኦሪት እንደምትነግረን ዮሴፍ ወንድሞቹን ዐወቃቸው፤ እነርሱ ግን አላወቁትም። እኚህም ዮሴፍ ሌሎች ገና ሲጠራጠሩ ወንድሞቻቸውን ዐወቁ። ጥርጣሬው ግን በአንድ ቀን አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ወገኖቻችን አይሁድነታቸው ሙሉ በሙሉ እንዲታወቅላቸው በኢየሩሳሌም በዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለሳምንታት ተቀምጠዋል።

እንግዲህ አንዱ ዮሴፍ እንጀራን፣ አንዱ ሕግን፣ አንዱ እውቀትን፣ አንዱ ወንድማማችነትን ጨመረ። ስሙን ያከበረው ሥራቸው ነው።

የዕብራይስጥ ስም መያዝ ነውር አይደለም፤ ዮሴፍም በአዲሱ ስሙ ሕዝብን ከረሃብ አድኗል። የድሮውን መጣል ግን አያስፈልግም። በየሺቫ በጊቲን ሚሽና እንደምንማረው፣ ጥንት ባልና ሚስት ሲፋቱ በአንዱ ስማቸው ብቻ ይጻፍ ነበር። ራባን ጋምልኤል ሽማግሌው ግን ያላቸው ስም ሁሉ እንዲጻፍ ደነገጉ። በሕጋችን ዘንድ ሰው የሚታወቅበት ስም ሁሉ ዋጋ አለው።

ስለዚህ በዚህ ሃኑካ፣ ሻማው በርቶ ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ልጆች ሆይ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ ስማችሁን ማን አወጣው? ለምንስ? ወላጆችም ሳታፍሩ ንገሯቸው። ብዙው የአማርኛ ስማችን እንደ ራሔል ስም ጸሎት ነውና።

መልካም የሃኑካ በዓል፤ ሻባት ሻሎም!